ኖርክሮስ ላይ የጠረዝኩት የጃፓን መጽሐፍ

ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው ስለ ፎቅና ስለ መንገድ ይጠየቃል። እኔንም ጎረቤቶቼ ጠይቀውኛል፤ "አዎ፣ ረጅም ነው፤ አዎ፣ ሰፊ ነው" እያልኩ ሸኝቻቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አትላንታ ሄጄ ያየሁት ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ የእህቴ ልጅ የምትኖርበትን ኖርክሮስን፣ የምትሠራበትን ብሩክሄቨንን፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ቡፎርድ ሃይዌይን። ከዚያ ሌላ ያየሁት አንድ መጽሐፍ ነው። ስለ እሱ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ሰው መሀል የሚወራ ስላልሆነ አፌን ይዤ ቆየሁ። አሁን ግን እዚያ ሄዶ ለማያይ ሰው እንደሆነው ልጻፈው።

አርባ ዓመት ገደማ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ጽጌ በ2006 ዓ.ም. ዐረፈች። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን ለእሷ አልነገርኳትም። "ጨጓራ ነው ብሏል፤ ትድኛለሽ" አልኳት። ጠያቂውም ሁሉ እንደዚያው አላት። እኛ ዘንድ ወጉ ይኸው ነው፤ ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም። ቤቱ ጭር ሲልብኝ የእህቴ ልጅ ሰናይት ደወለች፦ "ጋሼ፣ ብቻዎን ተዘግተው አይቀመጡ። ፕሮሰሱን እኔ እጨርሳለሁ፣ ይምጡና ትንሽ ይቆዩ።" ቪዛው ከተመታልኝ በኋላ ደግሞ፣ "የጥራዝ ዕቃዎን ይዘው ይምጡ፤ ስፌቱ የተበጠሰ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አለ" አለችኝ። የምን መጽሐፍ እንደሆነ ብጠይቃት "ሲመጡ ያዩታል" ብላ ወሬ ለወጠች። መጽሐፍ ቅዱስ ይሆናል ብዬ ደንበኛውን ሰም ያዝኩ።

እሑድና ሰኞ

በ2007 ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሳምንት ከቦሌ ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ወስፌ፣ መርፌ፣ አንድ ጥቅል ክር፣ ቁራጭ ሰም፣ ትንሽ ቢላዋና ከበሬ አጥንት የተሠራች የወረቀት ማጠፊያዬ ነበሩ። ዋሽንግተን ላይ ሻንጣዬን ያስከፈተኝ ሰውዬ ወስፌውን አንሥቶ በብርሃን አገላበጠው። "ቡክ፣ ቡክ" እያልኩ በአየር ላይ ስሰፋ አይቶ ሳቀና መለሰልኝ። አጠገቤ አንዲት እናት ስለ ቋንጣዋ በአማርኛ ስትሟገት ትቻት ሄድኩ።

አትላንታ የተቀበለኝ የሰናይት ባል ብርሃኑ ነው። በዲቪ የሄደ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። "ዌልካም ጋሼ! ፓርክ ያደረግኩት ሩቅ ነው፤ ቲኬት እንዳይለጥፉብኝ ቶሎ ቶሎ እንበል" ብሎ ሻንጣዬን ነጠቀኝ። መኪናው ውስጥ ማውራት አላቆመም፤ እኔ ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። እኛ አገር መንገድ ማለት ሰው ነው። ሻጭ አለ፣ ለማኝ አለ፣ ያለ ሥራ የቆመ አለ። እዚያ አርባ ደቂቃ ስንነዳ አንድ እግረኛ አላየሁም። ዛፍ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፋል፤ ከዛፉ ኋላ ቤቶቹ በመስኮታቸው ያጮልቃሉ።

"ሰዉ የት ሄዶ ነው?" አልኩት።

"ሥራ ነዋ ጋሼ። ያልሠራ ደግሞ ቤቱ ነው። ማንም ውጪ ሃንግ አያደርግም።"

ሰናይት በሩን ከፍታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ገበታው ላይ ግን ዶሮ ተሠርቶ ጠበቀኝ። እሷ ከጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንዷ ናት፤ ጾሙን ከረሳች ቆይታለች። ፊቴን ስታይ ግንባሯን መታች። "ውይ ጋሼ! ለካ ጾም ነው! አፈር ልብላ!" ብርሃኑ ጃኬቱን መልሶ ለብሶ ወጣና ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካለ የቬትናሞች ቤት በአኩሪ አተር አይብ የተሠራ ሾርባ ይዞልኝ መጣ። አይብ ያሉት ወተት የለበትም ብሎ ማለልኝ። በሁለት ዘንግ እንዴት እንደሚበላ ሊያሳየኝ ሲል ሸሚዙን አበላሸ፤ እኔ በማንኪያ ጨረስኩት።

ማክሰኞ

ብርሃኑ ሥራ ከወጣ በኋላ ሰናይት በሩን ቆለፈች፤ መስኮቱንም ጋረደች። የሚታጠብ ልብስ ከሚጠራቀምበት ቅርጫት ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

"እዚህ ነው መጽሐፍ የምታስቀምጪው?" አልኳት።

"የጸሎት ግሩፓችን ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ነው የሚሰበሰበው። ሰው ሼልፍ ሊያይ ይችላል፤ ላውንድሪ ግን ማንም አይከፍትም።" ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከመዳፍ ትንሽ ከፍ የምትል ስስ ጥራዝ ናት። ልባሷ የደበዘዘ ሰማያዊ ወረቀት ነው፤ ክሯ ሁለት ቦታ ተበጥሷል። እንደለመድኩት ከግራ ገለጥኩ። ያገኘሁት የመጨረሻውን ሥዕል ነው፤ ለካ ጃፓኖች መጽሐፍ የሚጀምሩት እኛ ከምንጨርስበት ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ልብስ ተሸፍነው ተኝተዋል፤ መብራቱ ጠፍቷል። ደስ የሚል ነው አልኩና ወደ ኋላ አንድ ገለጥኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት።

"አዩት?" አለች ሰናይት ለግድግዳው።

"ምኑን?"

"ያው… ስፌቱን።"

ባልና ሚስት በር ዘግተው የሚያደርጉትን ይህ ሰው በር ከፍቶ ሥሎታል። ልብሱ አበባ በአበባ ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ልኩን አልፏል። እኔ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። የመጽሐፉ ባለቤት ሰናይት በቀን የምታስታምማቸው ሚስ ኤልኖር የተባሉ አሮጊት ናቸው። ሁለት ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሆስፒስ ላይ ናቸው፤ ማለት ሕክምናው ቆሞ ሕመሙ ብቻ እንዲታገሥላቸው ይደረጋል። ልጅ የላቸውም። የሚፈልጉት መጽሐፉ ተጠርዞ እጃቸው እንዲገባና ሰው አይቶ አንድ ነገር እንዲነግራቸው ነው።

"ምን?" አልኳት።

"እሳቸው ራሳቸው ይነግሩዎታል። እኔ ላየው አልቻልኩም ጋሼ። ቃል ገብቼላቸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ዓይኔን ጨፈንኩ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እሷ ስትወጣ መነጽሬን አድርጌ እንደገና ተቀመጥኩ። ኀፍረቱ ሲያልፍ ጠራዡ ነቃ። ወረቀቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ስትስበው ግን ጨርቅ ነው። ሥዕሉ እንጨት ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ያለ መኪና በእጅ ታሽቶ የታተመ ነው። ከጸጉር የቀጠነ መስመር እንጨት ላይ የሚያስቀር እጅ እኛ ማተሚያ ቤት አልነበረም። ቅጠሎቹ ስድስት ናቸው፤ ሥዕሎቹ አሥራ ሁለት።

ሴትዮዋን ያየሁት ያኔ ነው። በየሥዕሉ ጥግ፣ ከወረቀት መጋረጃ ኋላ አንዲት ሴት ታጮልቃለች። ገረድ ትሁን እመቤት አይለይም፤ ግራጫ ለብሳለች። ሌሎቹ ሁሉ ዓይናቸው ክር ነው፤ የእሷ ብቻ ክፍት ነው። ጥንዶቹን አይደለም የምታየው፤ ገጹን የሚገልጠውን ነው። ቆጠርኳት፤ አሥራ አንዱ ላይ አለች። የተኙት ላይ ብቻ የለችም። ፎጣውን መልሼ ስጠቀልል ጀርባዬን ለመጽሐፉ መስጠት ከበደኝ፤ ራሴን ታዘብኩት።

ረቡዕ

ብሩክሄቨን ያለው ቤት በጥድ ዛፍ ተከቧል። ሚስ ኤልኖር መስኮት ሥር ባለ አልጋ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሰውነታቸው አልቆ እጃቸው ብቻ ቀርቷል፤ ያ እጅ መዳፌን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰ። "የሠራተኛ እጅ ነው" አሉ። ሰናይት እያስተረጎመች ነው የምንነጋገረው።

እንግዳ ሳይበላ አይወጣም አሉ፤ ይህን በኛ አገር ብቻ የሚባል ይመስለኝ ነበር። መጾሜን ሲሰሙ ሰናይትን ወደ ጓዳ ላኳት። ዓይናቸው ሳይጠፋ በገዛ እጃቸው በስኳር ውሃ ያሸጉት የኮክ ማሰሮ አንድ ቀርቶ ነበር፤ እሱን አስከፈቱልኝ። የመጨረሻው መሆኑን ያወቅሁት በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

"እንግዲህ ስንት ቆጠሩ?" አሉኝ።

"አሥራ አንድ።"

"የመጨረሻው ላይስ?"

"የለችም።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። መጽሐፉን ከባለቤታቸው ከዋልተር ጋር ጃፓን ሳሉ ነው የገዙት። ሠዓሊው ስመ ጥር አይደለም፤ ዋልተር ዕድሜውን ሙሉ ጠይቆ የሚያውቀው ሰው አላገኘም። እንዲህ ያለ ሥዕል በአገሩ ይከለከል ስለነበር ሠዓሊዎቹ በቅጽል ስም ይፈርሙ ነበር አሉ። "ስንገዛው ስምንት ቦታ ነበረች፤ አብረን እየሳቅን ቆጥረናል። ዋልተር ሲታመም አሥር ሆነች። እሱ በሞተ ሳምንት ደግሞ ለቀብር የመጣ ሰው ቆጥሮልኝ አሥራ አንድ።"

እኔ፣ ሲገዙት ልብ ብለው አላዩትም ይሆናል ብዬ በልቤ አሰብኩ። ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ግን ቆሟል።

"የመጨረሻው ላይ ስትገባ ተራዬ ነው" አሉ ሚስ ኤልኖር። "ጠርዘው ሲያመጡት አንድ ጊዜ ደግመው ይዩልኝ። ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።"

እሺ አልኩ። የፈሩ መሰለኝ።

ሐሙስ

ጥፋቴን የምናገረው እዚህ ላይ ነው። ማተሚያ ቤት ሥራ ላይ የታተመ ወረቀት ይታጠፋል፤ ከተሰፋ በኋላ የታጠፈው ጠርዝ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ገጹ አይገለጥም። ያልተቆረጠ ጠርዝ ያየ ጠራዥ እጁን ይበላዋል። የዚህ መጽሐፍ ስድስቱም ቅጠሎች ጠርዛቸው እንደታጠፈ ነው። ጃፓናዊው ጠራዥ ሥራውን ሳይጨርስ ትቶታል ብዬ አዘንኩለት። አሮጌውን ክር ፈትቼ ቅጠሎቹን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና ቢላዬን አንሥቼ አንድ በአንድ ሰነጠቅኋቸው።

ውስጡ ባዶ ነው። አንድ ፊደል የለም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ በአንድ ፊት ብቻ አትመው ባዶውን ወደ ውስጥ አጥፈውታል። እጥፋቱ አሠራራቸው ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ሰደበኝ።

ከስድስተኛው ቅጠል ውስጥ ግን አንድ ነገር ወድቋል፤ ባለ ሰማያዊ መስመር ወረቀት፣ ከተማሪ ደብተር የተቀደደ የሚመስል። የዚያ ቅጠል ጠርዝ ሲሰነጠቅም እንደሌሎቹ አልነበረም፤ የደረቀ ሙጫ ይፈረፈር ነበር። ሰው የረሳው ቁራጭ ነው ብዬ ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ብርሃኑ ለምሳ ሲመጣ ሁሉንም በፎጣው ሸፈንኩ፤ ሲወጣ ሁለቱን ግማሾች መልሼ ገጥሜ፣ ጉዳቱን ለማየት አሥራ ሁለተኛውን ሥዕል ወደ መስኮቱ አቀረብኩ።

ሴትዮዋ ቆማለች።

ከተኙት ራስ በላይ፣ በሩ አጠገብ፣ እንደ ጥላ ደብዝዛ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ወረቀቱን ጥዬ ወጥ ቤቱ ድረስ ሸሸሁ፤ ሰው ቢያየኝ ምን እንደሚለኝ እያሰብኩ ተመለስኩ። ገልብጬ ስመለከተው ነገሩ ግልጽ ነው፤ የዚያው ቅጠል ሌላኛው ፊት አሥራ አንደኛው ሥዕል ነው። ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሣ ያኛዋ ሴት ወደዚህ አልፋ ትታያለች። ያ የደብተር ወረቀት መሀል ገብቶ ይጋርዳት ነበር። ወደ ቆሻሻው ሮጥኩ፤ ብርሃኑ ለምሳ መጥቶ ሲወጣ ሙሉውን ከረጢት ይዞት ሄዷል።

ይባስ ብሎ ሰናይት ቀኑ ሐሙስ መሆኑን ያስታወሰችኝ ደወል ሲደወል ነው። ጉድ ፈላ! የጠረጴዛውን ልብስ በጃፓኖቹ ላይ ወረወርኩት። ጸሎተኞቹ ገብተው ሳሙኝ፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን፣ ቁልፋቸውን፣ ያመጡትን ዳቦ ሁሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከመሩት። ሰናይት ላብ በላብ ሆነች። መዝሙሩም ጸሎቱም ደኅና አለፈ። በኋላ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ብዙነሽ ሻይ ሊያስቀዱ በዓይናቸው ሰው ቆጠሩ።

"ስምንት ብርጭቆ አምጪ ልጄ" አሉ።

"ሰባት ነን እኮ እትዬ" አለች ሰናይት።

እትዬ ብዙነሽ እንደገና ቆጠሩ። ዓይናቸው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትንሽ ቆየ። "እውነትሽን ነው" አሉ፤ ሻይ ሳይጠጡ ግን ቀድመው ሄዱ።

ዓርብ

ብርሃኑ ቡፎርድ ሃይዌይ ወሰደኝ። ያ መንገድ ልክ እንደ መርካቶ ነው፤ ልዩነቱ ሱቆቹ ተራርቀው፣ እያንዳንዱ በራሱ ፊደል መጻፉ ነው። የሜክሲኮ ዳቦ ቤት፣ ከጎኑ የኮሪያ ፀጉር ቤት፣ ከጎኑ የቬትናም ጥርስ ሐኪም። አንዲት ኮሪያዊት ሴትዮ ወረቀትና ብሩሽ ትሸጣለች። ቋንቋ አንገናኝም። የሰነጠቅሁትን በባዶ ወረቀት አጥፌ፣ ቀድጄ አሳየኋት። አፏን በእጇ ይዛ አዘነችልኝ፤ ከጓዳ የሩዝ ሙጫ በትንሽ ዕቃ አምጥታ፣ በብሩሽ ጫፍ እንዴት እንደሚቀባ በገዛ ወረቀቷ አሳየችኝ። ይህችን ሴት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። የተሰነጠቀውን ጠርዝ ሁሉ በቀጭን ወረቀት ገጠምኩ። በስድስቱም እጥፋት ውስጥ ወፍራም ነጭ ወረቀት አስገባሁ፤ አንዱ ብቻ እንዳይወፍር ብዬ ነው። በስተቀኝ በኩል፣ እንደነበረው በአራት ቀዳዳ ሰፋሁት። አሥራ ሁለተኛው ሥዕል ላይ ሁለቱ እንቅልፋቸውን ይተኛሉ፤ በሩ አጠገብ ማንም የለም። ሦስት ጊዜ አየሁት።

ቅዳሜ

ሚስ ኤልኖር መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ጫፍ ሄዱበት። መጨረሻው ቅጠል ላይ ጣታቸው ቆመ።

"አዩልኝ?"

"አይቻለሁ።"

"መጨረሻው ላይ ናት?"

እንደ ጽጌ ያለ ድምፅ ነበር፤ ደግ ነገር ሊሰማ የሚፈልግ። አፌ ከልቤ ቀደመ። "የለችም" አልኩ። "ምንም የለም። ገና ብዙ ይኖራሉ፤ ይድናሉ።" ሰናይት አየችኝና ቃሉን ቀስ ብላ ተረጎመችው።

ሚስ ኤልኖር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። ከዚያ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፉት። "ይውሰዱት" አሉ።

መኪና ውስጥ ሰናይት መሪውን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች።

"ጋሼ፣ እዚህ ለበሽተኛ እንደዚያ አይባልም።"

"ምን ልበላቸው ታዲያ? ይሞታሉ ልበል?"

"ያውቃሉ እኮ! ዶክተሩ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል፤ ፔፐር ፈርመዋል። የፈሩ መሰለዎት? እየጠበቋት ነው ጋሼ። በየጠዋቱ መጣች ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የመጣች እንደሆነ ተራዬ ደረሰ ማለት ነው ብለው፣ ዋልተርን አገኘዋለሁ ብለው ነው።"

ተናደድኩ። እውነቷን መሆኑን ሳውቅ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። ማታ እህል አልበላሁም፤ ጾሙን አመካኘሁ።

እሑድ

እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ ቤት ቀረሁ። አሳቤ የመጨረሻውን ክር ፈትቼ የጋረድኩበትን ወረቀት ማውጣት ነበር፤ ያን ጊዜ ሴትዮዋ አልፋ ትታያለች፤ እኔም ሳልዋሽ "መጥታለች" እላለሁ። ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች። ወስፌዬን አዘጋጅቼ አሥራ ሁለተኛውን ገለጥኩ።

ቆማለች።

ወረቀቱ መሀል ላይ እያለ። ደብዛዛ አልነበረችም፤ መስመሯ እንደሌሎቹ ጥቁር ነው። እጥፋቱን በጣቴ ጨበጥኩት፤ ወፍራሙ ነጭ ወረቀት ውስጡ አለ። ቅጠሉን ገልብጬ አሥራ አንደኛውን አየሁ። ጥንዶቹ አሉ፤ መጋረጃው አለ። ከመጋረጃው ኋላ ማንም የለም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አልሸሸሁም፤ የምሸሽበትም ቦታ የለም። ሰናይት ስትገባ መጽሐፉን ዘግቼ፣ ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ አገኘችኝ። "ብሩክሄቨን ውሰጂኝ" አልኳት። ፊቴን አይታ ቁልፏን አነሣች።

ሚስ ኤልኖር አልተቀመጡም፤ ተጋድመዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ "ትናንት ዋሽቻለሁ" አልኳቸው። "ዛሬ መጥታለች።"

እጃቸው እጄን ፈለገ። "ዋልተርም ዋሽቶኝ ነበር" አሉ። "ዓይኔ የጠፋ ዓመት ነው። የመጨረሻውን ቅጠል ሰንጥቆ ወረቀት ከትቶበት በሙጫ ዘጋው። እዚያ ብትመጣ እንኳ እንዳትታየው፣ "የለችም" ለማለት እንዲመቸው ነው፤ እኔ ግን ሙጫውን በጣቴ አውቀው ነበር። እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም። እርስዎም እንደሱ አደረጉ። ሁላችሁም እየወደዳችሁኝ ብቻዬን ተዋችሁኝ።"

ሰናይት ይህን እያለቀሰች ነው የተረጎመችው። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

"የት ነው የቆመችው?"

"በሩ አጠገብ።"

"ምን ትመስላለች?"

"ደክሟታል። ረጅም መንገድ የመጣች ትመስላለች። የምታየው እርስዎን ነው።"

ፈገግ አሉ። ገጹን ክፍት አድርጌ ብርድ ልብሱ ላይ እንድተውላቸው ጠየቁኝ፤ ተውኩላቸው።

ሰኞና ከዚያ ወዲያ

ጠዋት ሰናይት ከሥራ ደወለች። ሚስ ኤልኖር ጎህ ሲቀድ ዐርፈዋል፤ እጃቸው መጽሐፉ ላይ ነበር። ኑዛዜያቸው አብሯቸው እንዲቀበር ነው።

"ጋሼ፣ ለቀባሪዎቹ ከመስጠቴ በፊት አየሁት" አለችኝ። "ቃሌ ነው ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዓይኔን ሳልጨፍን አየሁት። የቷ ሴት ናት ግን የምትሏት?"

"ከመጋረጃው ኋላ ያለችው።"

እሷም፣ "ከመጋረጃው ኋላ ማንም የለም። አሥራ ሁለቱም ላይ የለም።"

ደግማ እንድታይ አልጠየቅኋትም። ቀብራቸው ላይ ሰባት ሰው ነበርን፤ ብርሃኑ ሥራውን ትቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቦሌ ተሳፈርኩ። ሰናይት ሻንጣዬ ውስጥ ባዶውን የኮክ ማሰሮ አጥባ ከታልኝ ነበር፤ አሁን ወስፌና መርፌ አኖርበታለሁ።

ቤቴ እንደተውኩት ነው። የጽጌ አልጋ፣ የመኝታ ቤቱ በር፣ በሩ ላይ እሷ የሰፋችው መጋረጃ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የመጣሁት አንድ ነገር ላስታውስ ኖሯል። በመጨረሻው ሳምንቷ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጄን ይዛ ወደዚያ በር እያየች፣ "ያቺ መጋረጃው ጋ የቆመችው ማን ናት?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ፣ "ማንም የለም፤ ተኚ" አልኳት።